አዲስ ሠፈር ስትቀይሱ ከውሃው ጀምሩ፦ የጎርፍ ማስወገጃ፣ የክፍት ቦታና የመንገድ ፕላን አሠራር

የቤት ማኅበር ኮሚቴዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «መሬቱን ተረክበናል፤ አባላቱ ዕጣ ይውጣልን እያሉ ነው፤ ሽንሸናውን ከየት እንጀምር?» መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ከሽንሸናው አትጀምሩ። መጀመሪያ ውሃው የሚሄድበትን ወስኑ። ቀጥሎ ክፍት ቦታውን፣ ከዚያ መንገዱን። የቤት ቦታ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቤት ቦታ 5 ሜትር ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ቢገፋ ማንም አይጎዳም። መንገድም ትንሽ መጠምዘዝ ይችላል። ውሃ ግን መሄጃው ቁልቁለት ብቻ ነው። ቦታው ተሸንሽኖ፣ ዕጣ ወጥቶ፣ አጥር ከታጠረ በኋላ «ቦዩ በየት ይለፍ?» ብላችሁ ብትነሡ መልስ አይገኝም። የሰው ግቢ መሐል ያልፋል፣ ወይም ጨርሶ አያልፍም።

ይህ መመሪያ ከ2 እስከ 10 ሄክታር ለሚደርስ መሬትና እያንዳንዱ አባል በየግቢው ለሚሠራበት ሠፈር ነው። ስሌቶቹን በአንድ ምሳሌ እሠራቸዋለሁ፦ 200 ሜትር በ200 ሜትር የሆነ፣ 4 ሄክታር፣ ከላይ ወደ ታች በመጠኑ የሚያዘቀዝቅ መሬት። የራሳችሁን ቁጥር በቦታው ተኩ። የመጨረሻውን ዲዛይን የሚሠራውና የሚፈርምበት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። የእናንተ ድርሻ ትክክለኛውን ነገር መጠየቅና የቀረበላችሁን ወረቀት አንብቦ መረዳት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

ከቢሮ የምታመጡት፦

- የይዞታ ካርታ፣ የእያንዳንዱ ማዕዘን ኮኦርዲኔት ያለበት
- ቦታውን የሚመለከተው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን እና የአካባቢ ልማት ፕላን ቅጂ
- ከተማው የሚጠቀምበት የመንገድ ስፋት ስታንዳርድ
- የአካባቢያችሁ የዝናብ ጥንካሬ ኩርባ፣ ማለትም ዝናቡ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጥል የሚያሳይ ግራፍ (የመንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ዲዛይን ማኑዋል አገሪቱን በዝናብ ቀጣና ከፋፍሎ አስቀምጦታል)
- በአጠገቡ የሚያልፉ የውሃ፣ የመብራት፣ የቴሌና የፍሳሽ መስመሮች መረጃ

ለሜዳ ሥራ የምታዘጋጁት፦

- ቀያሽ ከነቶታል ስቴሽኑ (ርቀትና ከፍታ መለኪያ መሣሪያ)
- ችካል፣ ገመድ፣ ኖራ፣ 50 ሜትር የሚደርስ ሜትር
- የውሃ ልክ ጎማ (ግንበኞች የሚጠቀሙበት ነጩ ቀጭን ጎማ ይበቃል)
- አካፋና ዶማ፣ ለአፈር መፈተሻ ጉድጓድ
- ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀትና ባለ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ

ስሱ ወረቀት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ውሃውን በሰማያዊ፣ ክፍት ቦታውን በአረንጓዴ፣ መንገዱን በቀይ ለየብቻ ሥላችሁ ስትደራርቧቸው የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተጋጨ ወዲያው ይታያል። ኮምፒውተር ላይ ብቻ የታየ ፕላን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለ100 አባል ማስረዳት ይከብዳል።

ደረጃ 1፦ ካርታውን ከከተማው ፕላን ጋር አስተያዩ

በአዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ ፕላን ሁለት ደረጃ አለው፦ መዋቅራዊ ፕላን እና የአካባቢ ልማት ፕላን። መዋቅራዊው ዋና ዋና መንገዶችን፣ የወንዝ ዳርቻዎችንና የመሬት አጠቃቀሙን ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ደግሞ ወደ ሠፈር ወርዶ የውስጥ መንገዱንና የግንባታ ሁኔታውን ይዘረዝራል። በሁለቱም ላይ መሬታችሁን ፈልጋችሁ አግኙ።

ሦስት ነገር ተመልከቱ። ከተማው ያሰበው መንገድ መሬታችሁን ይቆርጣል? የወንዝ ወይም የጅረት ክልል ይነካል? የከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ መስመር ያልፍበታል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ያንን ክፍል አስቀድማችሁ በቀይ ከልሉት። በእሱ ላይ የተሸነሸነ ቦታ የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ ይጣላል። ያን ጊዜ ዕጣው የደረሰው አባል ሜዳ ላይ ይቀራል።

በዚሁ አጋጣሚ የ30/30/40 ድርሻውን ጠይቁ። በአገራችን የከተማ ፕላን ሥራ የተለመደው ድርሻ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ነው። በእኛ ምሳሌ 12,000፣ 12,000 እና 16,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ግቢ ውስጥ ሳይሠራበት የሚቀረው መሬት ከየትኛው ድርሻ እንደሚቆጠር በጽሑፍ መልስ ይሰጣችሁ። የቤቶቹ ብዛት የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ደረጃ 2፦ መሬቱን በእግር እዩት

ክረምት ላይ ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ቦት ጫማ አድርጋችሁ ዝናቡ እየጣለ ሂዱ፤ ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በስልካችሁ ቅረጹ።

በጋ ከሆነ ምልክት ፈልጉ። አጥር ላይ ተጠላልፎ የቀረ ደረቅ ሣርና ፌስታል ጎርፉ እስከምን እንደደረሰ ይነግራችኋል። የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ካያችሁ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለክታችሁ መዝግቡት። ቄጠማና ደንገል የበቀለበት ቦታ ላይ ላዩ ደረቅ ቢመስልም ሥሩ ውሃ አለ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበት ጥቁር አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለውን ኮብልስቶንም ሆነ ቦይ ይሰነጥቃል።

ከዚያ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። «አባባ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው የት የት ይተኛል?» ብላችሁ ጠይቃችሁ አብረዋችሁ እንዲዞሩ ለምኗቸው። በዚያ መሬት ላይ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው የሚያሳዩአችሁን የቀያሹ መሣሪያ አያሳያችሁም። ያሳዩአችሁን ቦታ ሁሉ እዚያው ችካል ትከሉበት፤ ቢሮ ደርሰን እናስታውሰዋለን አትበሉ።

የአፈር መፈተሻ ጉድጓድም አስቆፍሩ። ለ4 ሄክታር አምስት ወይም ስድስት ጉድጓድ፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ያህል፣ ቢያንስ አንዱ ዝቅተኛው ቦታ ላይ። ዋልካው ስንት ሜትር እንደሚወርድ ካላወቃችሁ የመንገዱን ወጪ መገመት አትችሉም፤ ተቆርጦ በሰሌክት ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) መተካት አለበትና።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ሳይታሰብ ይደረመሳል። ከ1.2 ሜትር በላይ ከሆነ ሳይደገፍ ሰው አይግባበት። አይታችሁ ስትጨርሱ በዚያው ቀን ይደፈን፤ ልጆችና ከብቶች ይገቡበታል።

ደረጃ 3፦ የከፍታ ቅየሳ አሠሩ

ብዙ ማኅበር የወሰን ቅየሳ ብቻ አሠርቶ ያበቃል። አይበቃም። ቀያሹን በየ10 ወይም 20 ሜትሩ ከፍታ እንዲወስድና የኮንቱር ካርታ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር የሚያገናኝ ካርታ) እንዲያዘጋጅ ጠይቁት። ሜዳማ መሬት ላይ የኮንቱሩ ልዩነት ግማሽ ሜትር ይሁን፣ ተዳፋት ላይ 1 ሜትር ይበቃል።

ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ቅየሳው ከወሰናችሁ ውጭ ከ20 እስከ 30 ሜትር ይሂድ፤ ከላይ የሚገባው ውሃና ከታች ያለው መውጫ የሚታየው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ላይ ሁለት ቋሚ የከፍታ ምልክት ይቀመጥ። ግንባታው በሁለት ኮንትራክተር ቢከፋፈል ሁለቱም ከአንድ ምልክት ካልተነሱ ቦዮቻቸው መሐል ላይ ሲገናኙ ልዩነት ይወጣና ውሃው እዚያው ይቆማል።

ደረጃ 4፦ የውሃውን መግቢያ፣ መሄጃና መውጫ ወስኑ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህን ደረጃ ነው።

መጀመሪያ መውጫውን አግኙ። መውጫ ማለት ከመሬታችሁ የወጣው ውሃ በሕጋዊ መንገድ የሚቀበለው የከተማ ቦይ፣ ጅረት ወይም ወንዝ ነው። የታችኛው ጎረቤት ማሳ መውጫ አይደለም። ከከተማው በጽሑፍ ካልተፈቀደላችሁ ፕላኑ ገና አልተጀመረም ብላችሁ ቁጠሩት። የተቀባዩን ቦይ ወለል ከፍታም ለኩ። የእናንተ ቦይ ከእሱ ዝቅ ካለ ውሃው ወደ እናንተ ይመለሳል።

ቀጥሎ መጠኑን አስሉ። ለትንንሽ መሬት የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፦

የውሃ መጠን (ሜትር ኩብ በሰከንድ) = የፍሰት ድርሻ × የዝናብ ጥንካሬ (ሚሊ ሜትር በሰዓት) × ስፋት (ሄክታር) ÷ 360

የፍሰት ድርሻ ከዘነበው ውስጥ ወደ መሬት ሳይሰርግ የሚወርደው ነው። ለጣሪያ ከ0.75 እስከ 0.95፣ ለአስፋልት ከ0.7 እስከ 0.95 ይወሰዳል፤ ለሣር መሬት እንደ ተዳፋቱና እንደ አፈሩ ከ0.1 እስከ 0.35።

ለምሳሌያችን የዝናቡን ጥንካሬ 80 ሚሊ ሜትር በሰዓት እንበል። ይህ ለማሳያ ነው፤ የራሳችሁን ከኩርባው አንብቡ።

- ሳይገነባበት፦ 0.3 × 80 × 4 ÷ 360 = 0.27
- ከተገነባበት በኋላ (የጣሪያ፣ የመንገድና የሣር አማካይ ድርሻ ተወስዶ)፦ 0.65 × 80 × 4 ÷ 360 = 0.58
- ከበላይ ካለ 6 ሄክታር ግጦሽ የሚመጣ፦ 0.3 × 80 × 6 ÷ 360 = 0.40

ሁለቱን ነገር እዩ። ቤትና መንገድ ሲሠራበት የአንዱ መሬት ውሃ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከላይ የሚመጣው የሰው ውሃ ደግሞ ከራሳችሁ የቀድሞ ውሃ ይበልጣል። ብዙ ዲዛይን የሚወድቀው የወሰኑን ውስጥ ብቻ ስለሚያሰላ ነው። የበላዩ ግጦሽ ነገ ሠፈር ሊሆን ይችላልና በፕላኑ ላይ ለመኖሪያ ከተመደበ የፍሰት ድርሻውን ከአሁኑ እንደ ሠፈር ቁጠሩት።

አሁን መስመሩን ሥሉ። በላይኛው ወሰን ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይምጣ። የበላዩን ውሃ ሠፈሩ ውስጥ ሳያስገባ በአንዱ ጎን አዙሮ ወደ መውጫው ያወርደዋል። የውስጡን ውሃ ደግሞ የተፈጥሮ መፍሰሻው ባለበት መስመር ሰብስቡት። ያለውን ፈለግ ደፍኖ አዲስ መቆፈር አትምረጡ። ውሃ የድሮ መንገዱን ከአፈር ሥር ሆኖ ይፈልገዋል፤ በላዩ የተሠራው ቤትም ወለሉ ሲረጥብ ይኖራል።

ደረጃ 5፦ ክፍት ቦታውን ቆርሱ

ክፍት ቦታ የሚቆረሰው ከሽንሸና የተረፈው ሦስት ማዕዘን ጥግ ላይ አይደለም። ዋናውን ዝቅተኛው ቦታ ላይ አድርጉት። ሁለት ሥራ ይሠራላችኋል፦ በጋ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ውሃውን ይዞ ቀስ ብሎ ይለቃል።

ስሌቱን እንየው። የእኛ ሠፈር ከቀድሞው 0.31 ሜትር ኩብ በሰከንድ አብልጦ ያወጣል። ዝናቡ በዚያ ኃይል ለ30 ደቂቃ ቢቆይ 0.31 × 1,800 ሰከንድ ወደ 560 ሜትር ኩብ ይሆናል። 60 በ40 ሜትር የሆነ የኳስ ሜዳ ከዙሪያው 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል 600 ሜትር ኩብ ይይዛል። ግምቱ ሻካራ ነው፤ ባለሙያው ያጣራዋል። ነገር ግን አንድ ሜዳ በ25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ የታች ጎረቤቶችን ከጎርፍ እንደሚያድን ያሳያል።

የሜዳው ወለል ወደ አንድ ጥግ በጥቂቱ ያዘቅዝቅ፣ እዚያ አነስ ያለ መውጫ ቱቦ ይኑረው፣ ቱቦው ቢደፈን ውሃው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ዋናው ቦይ የሚፈስበት ዝቅ ያለ የድንጋይ ደፍ ይሠራለት። ውሃው በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጉደል አለበት። እንደ ሐዋሳና ባሕር ዳር ባሉ የወባ ትንኝ በሚራባባቸው ከተሞች ለቀናት የተኛ ውሃ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ሜዳውን ከቤት መሠረት ቢያንስ 10 ሜትር አርቁት።

በእኛ ምሳሌ 12,000 ካሬ ሜትሩ እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል፦

- ዋናው ሜዳ ከነዙሪያው፦ 4,000
- በሠፈሩ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ክፍት ቦታ፣ እያንዳንዱ 1,200፦ 3,600
- በጎን የሚወርደው ቦይና ዛፍ ያለበት 10 ሜትር መስመር፦ 2,000
- የጋራ አገልግሎት (መዋዕለ ሕፃናት፣ የውሃ ታንከር፣ ትራንስፎርመር፣ የቆሻሻ ገንዳ)፦ 2,400

ስለ ትንንሾቹ ጥቂት ልቆይ። ከመካከላቸው አንዱ ድንኳን የሚተከልበት ይሁን። ለቅሶና ሰርግ በሌለበት ሠፈር አንኖርም። ቦታ ካልተዘጋጀ ድንኳኑ መንገድ ላይ ይተከላል፤ ሦስት ቀን መንገድ ይዘጋል፤ በዚያ መሐል ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር አምቡላንስ አይገባም። ስለዚህ 30 በ40 ሜትር የሆነ፣ ጥርጊያ ወለል ያለው፣ ውሃና መብራት የተሳበለት፣ ዕቃ የጫነ መኪና የሚደርስበት፣ አጠገቡ የእድር ዕቃ ቤት የሚሠራበት ቦታ ምረጡ። ለደመራም፣ ለቅርጫም፣ ለጠቅላላ ጉባኤም እሱው ነው።

የቤቶቹ በር ወደ ክፍት ቦታው ይዙር። አጥርና የኋላ ግድግዳ ብቻ የከበበው ሜዳ የሚያየው ሰው የለም፤ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ዙሪያውን መንገድ ወይም የእግረኛ መንገድ ይክበበው፤ ከግቢ ጋር የተጣበቀ ክፍት ቦታ አጥር በየዓመቱ ግማሽ ሜትር እየገፋ ይበላዋል። ፕላኑ ላይ የራሱ የቦታ ቁጥርና ወሰን ይሰጠው እንጂ ባዶ ነጭ ሆኖ አይቅር።

ዛፍ ላይ፦ ወይራ፣ ጽድና ግራር ለክፍት ቦታ ጥሩ ናቸው። ዋርካና ሾላ ሥራቸው ሰፊ ስለሆነ ከቦይና ከቱቦ ይራቁ። የቦይ ዳር ተዳፋት ላይ ቬቲቨር ሣር ትከሉ፤ ሥሩ ወደ ታች ስለሚወርድ አፈሩን ይይዛል።

ደረጃ 6፦ መንገዱን ሥሉ

ውሃውና ክፍት ቦታው ሲቀመጡ መንገዱ ግማሹ ራሱን ይሥላል። በምሳሌያችን 200 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 15 ሜትር ዋና መግቢያ 3,000 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ወደ 900 ሜትር የሚሆን ባለ 10 ሜትር የውስጥ መንገድ 9,000 ይወስዳል። ድምሩ 12,000 ነው፤ 30 በመቶው ሞላ።

ስፋቱን በደፈናው አትውሰዱ፤ ከፋፍላችሁ አስቡት።

- ባለ 15 ሜትር፦ 7 ሜትር የመኪና፣ በሁለቱም በኩል 1.5 ሜትር ዛፍና ምሰሶ፣ 2.5 ሜትር እግረኛ (ቦዩ ከሥሩ)
- ባለ 10 ሜትር፦ 6 ሜትር የመኪና፣ በሁለቱም በኩል 2 ሜትር እግረኛ (ቦዩ ከሥሩ)
- ባለ 8 ሜትር፣ ለአጭር መንገድ ብቻ፦ 5 ሜትር የመኪና፣ በሁለቱም በኩል 1.5 ሜትር እግረኛ

ከተማችሁ ሌላ ስታንዳርድ ካለው የእሱን ተከተሉ። በየትኛውም መንገድ ግን የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት 4 ሜትር ንጹሕ ስፋት መኖር አለበት። የፍሳሽ መምጠጫ መኪናና የቆሻሻ መኪና የሚገቡትም በዚያው ነው።

አቅጣጫው፦ ዋናው መንገድ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ አይውረድ፣ በሰያፍ ይሂድ። ቀጥ ብሎ የወረደ መንገድ ክረምት ላይ ራሱ ወንዝ ይሆናል። የውስጥ መንገዶች በኮንቱሩ አቅጣጫ ይሂዱ፤ ግን ጭራሽ ጠፍጣፋ አይሁኑ፣ በ100 ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውረዱ፤ ያለዚያ ውሃ አይንቀሳቀስም። ተዳፋቱ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ ያዙት። 12 በመቶ ለአጭር ርቀት ብቻ ይፈቀድ፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ይንሸራተታል።

የመንገዱ ወገብ ከጠርዙ ከፍ ይበል፦ ለአስፋልት 2.5 በመቶ፣ ለኮብልስቶን 3 በመቶ። ይህ ማለት 6 ሜትር የኮብልስቶን መንገድ ላይ ወገቡ ከጠርዙ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በውሃ ልክ ጎማ ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ማዕዘን ላይ ያሉ ቦታዎች ጥጋቸው 3 በ3 ሜትር ይቆረጥ። ካልተቆረጠ የአጥር ግንብ ሾፌሩን ይጋርደዋል፤ የሚመጣውን ልጅ አያይም። ከ50 ሜትር በላይ የሆነ ዝግ መንገድ ጫፉ ላይ መኪና መዞሪያ ይኑረው። አንድ ተከታታይ የቤት ረድፍም ከ120 ሜትር አይርዘም፤ ከረዘመ ሰው በሰው ግቢ ማቋረጥ ይጀምራልና መሐሉ ላይ 3 ሜትር የእግረኛ ማቋረጫ አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ቦዩን መጥኑ

«ቦይ 60 በ60 ይሁን» የሚል ልማድ አለ። አንዳንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም። በሲሚንቶ የተገነባ የድንጋይ ቦይ ሞልቶ ሲፈስ በግምት የሚያሳልፈው ይህን ያህል ነው፦

- 60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ተዳፋቱ 1 በመቶ፦ 0.5 ሜትር ኩብ በሰከንድ
- 80 በ80፣ ተዳፋቱ 1 በመቶ፦ 1.05
- 80 በ80፣ ተዳፋቱ 0.5 በመቶ፦ 0.75

በእኛ ምሳሌ ለጎርፍ መቀልበሻው (0.40) 60 በ60 ይበቃል። የውስጡ ውሃ (0.58) ሁሉ ወደ ሜዳው የሚገባበት የመጨረሻው ቁራጭ ግን 80 በ80 ይፈልጋል። ሜዳው ባይኖር ኖሮ መውጫው ላይ 0.98 ይደርስ ነበር፤ ሜዳው ስላለ ወደ 0.67 ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ላይ ከውሃው በላይ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጥልቀት ጨምሩ። ቅጠልና ደለል መምጣቱ አይቀርምና።

የቦዩ ተዳፋት ከግማሽ በመቶ አይነስ፤ ካነሰ ደለል ይተኛል። በጣም ቁልቁል ከሆነ ደግሞ በደረጃ ይውረድ፤ ውሃው ወለሉን እንዳይፈነቅል። መንገድ አቋርጦ የሚያልፍ ቱቦ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይጥበብ፤ የጠበበውን ማጽዳት አይቻልም። ከመንገዱ ወደ ቦዩ መግቢያ ቀዳዳ በየ20 ወይም 30 ሜትሩ፣ በመንታ መንገድ ዝቅተኛ ጥግ ደግሞ የግድ ይኑር። መውጫው ላይ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ወይም የድንጋይ ድርድር ይሠራ፤ ያለበለዚያ ውሃው ጫፉን እየሸረሸረ ወደ ላይ ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሽንት ቤት ፍሳሽ ከጎርፍ ቦይ ጋር አይገናኝም፤ ለጊዜውም ቢሆን። ቦዩ የሚፈስሰው ወደ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ለታችኛው ሰው ጎመን ማጠጫና ልብስ ማጠቢያ ነው። ሰው በሚሄድበት ያለ ቦይ ሁሉ ክዳን ይኑረው። ክዳኑ ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሁን፤ ከከበደ ማንም አያጸዳውም።

ደረጃ 8፦ ከመሬት በታች የሚገባውን አስቀምጡ

የንጹሕ ውሃ መስመር በአንዱ የመንገድ ጎን፣ ፍሳሹ በሌላው ጎን ይሂድ፤ የንጹሕ ውሃው ከፍ ብሎ ይቀበር። ፍሳሹ ቢያፈስ ወደ መጠጥ ውሃ እንዳይገባ ነው። መብራትና ቴሌ የየራሳቸው መስመር ይሰጣቸው።

ኮብልስቶን ከመነጠፉ በፊት መንገድ አቋራጭ ባዶ ፒቪሲ ቱቦዎችን በየ40 ወይም 50 ሜትሩ ቅበሩ፤ ቦታቸውንም ጠርዝ ድንጋዩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ይህን ያደረገ ሠፈር ነገ ፋይበር ሲገባ መንገዱን አያስቆፍርም። የተቆፈረ ኮብልስቶን እንደ ነበረ ሲመለስ ያየሁት ጥቂት ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይሰምጣል።

ደረጃ 9፦ አሁን ሸንሽኑ

16,000 ካሬ ሜትር ለ160 ሲካፈል 100 ቦታ ይወጣል። 10 በ16 ሜትር ይመቻል። በተግባር በተቆረጡ ጥጎችና በጠማማ ወሰኖች ምክንያት ጥቂት ይቀንሳል፤ ለአባላት ቁጥሩን ቀድማችሁ አትማሉ።

በዚህ ደረጃ የሚረሳው ከመንገድ በታች በኩል ያለው ረድፍ ነው። ከመንገዱ ከፍ ያለ ቦታ ውሃው በራሱ ወደ መንገድ ይወርዳል። ከመንገዱ ዝቅ ያለው ግን ወደ ኋላ ነው የሚፈስሰው፣ ወደ ጎረቤት ጓሮ። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ መንገዱን ቆርጣችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ወይ በሁለቱ ረድፍ ጓሮ መሐል 2 ሜትር የጋራ የቦይ መስመር ተዉ። መስመሩ በፕላኑ ላይ የጋራ ተብሎ ይመዝገብ፤ አጥር እንዳይውጠው።

የእያንዳንዱ ቤት ወለል ከመንገዱ ወገብ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ደንብ አውጡ። ከፍታው ለእያንዳንዱ ቦታ በቁጥር ተጽፎ ለአባሉ ከዕጣው ጋር ይሰጠው። «ከመንገድ ከፍ አድርግ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ አባሉ መሠረት ሲያወጣ መንገዱ ገና አልተሠራም።

ደረጃ 10፦ መሬት ላይ አውርዱና በቅደም ተከተል ሥሩ

ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት መንገዱን፣ ቦዩንና ክፍት ቦታውን በችካልና በኖራ መሬት ላይ አስምሩና ኮሚቴው ይዙርበት። ወረቀት ላይ የማይታይ ብዙ ነገር እዚያ ይታያል።

ግንባታው ከመውጫው ተነሥቶ ወደ ላይ ይሂድ። ከላይ የተጀመረ ቦይ ዝናብ ከደረሰበት ውሃውን ሰብስቦ ባልተሠራው ቦታ ላይ ይለቀዋል። መውጫው፣ የጎርፍ መቀልበሻውና ሜዳው ከመስከረም በኋላ ተጀምረው ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቁ። ከዚያ ቦይና ጠርዝ ድንጋይ፣ ከዚያ የመንገዱ አፈርና ሰሌክት፣ ከዚያ ቤቶች። ኮብልስቶኑ ቢቻል ከባድ ግንባታው ካለፈ በኋላ ይነጠፍ፤ ሲኖትራክ ብረትና ድንጋይ እያመላለሰ ይጎዳዋል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- መንገዱ በየጊዜው አፈር እየተደለደለበት ከግቢው በላይ ይሆናል። አዲስ ከመጨመር በፊት የድሮውን ቁረጡ፤ ያለዚያ ውሃው በበር ይገባል።
- አባላት ግቢያቸው መግቢያ ላይ ቦዩን በአፈርና በድንጋይ ደፍነው መኪና ያስገባሉ። የመግቢያ ድልድዩ አንድ ዓይነት ሆኖ በማኅበሩ ይሠራ።
- ክፍት ቦታው «ለጊዜው» አሸዋና ጠጠር ማከማቻ ይደረጋል። ሜዳው ይጠቀጠቃል፤ መውጫ ቱቦው ይደፈናል። ማከማቻውን ሌላ ቦታ ወስኑ።
- ተቆፍሮ የወጣ አፈር ቦይ ዳር ይከመራል። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። በዚያው ሳምንት ይጫን።
- ወገን ተኮር ሽንሸና። የኮሚቴ አባል የመረጠው ቦታ እንዲወጣለት ተብሎ ቦይ ሲታጠፍ ዘጠና ዲግሪ ጥግ ይፈጠራል። ውሃ በቀጥታ ያልፍና ፊት ለፊት ያለውን አጥር ይደረምሳል። መታጠፊያ ሁሉ ክብ ይሁን።
- ከተሠራ በኋላ ሥዕሉ ይጠፋል። ኮንትራክተሩ የመጨረሻውን ክፍያ ከመውሰዱ በፊት ትክክለኛው አሠራር ከነከፍታው የተሣለበትን ካርታ ያስረክብ። አንዱ ቅጂ ማኅበሩ ዘንድ፣ አንዱ ወረዳ ይቀመጥ።
- የጽዳት ኃላፊ አይመደብም። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቦዩ፣ መግቢያ ቀዳዳዎቹና የሜዳው መውጫ ይጸዱ፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይደገም። ገንዘቡ ከወርሃዊ መዋጮ ላይ ተለይቶ ይያዝ፤ የክዳን ማንሻ መንጠቆውም ከቁልፉ ጋር ጥበቃው ዘንድ ይቀመጥ።